ብሮውዘር ስንመርጥ፦ ፍጥነት፣ ኤክስቴንሽንና የመወሰን ሥልጣን

ክሮም ልጠቀም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ ወይስ ኦፔራ? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ይዞ ይነሳል። አንዱ መካሪ ፍጥነትን ያስቀድማል፤ ገጹ ቶሎ ይከፈት፣ ኮምፒውተሩ አይጨናነቅ ይላል። ሌላው አድኦን ወይም ኤክስቴንሽን የሚባሉትን፣ ብሮውዘሩ ላይ ተጭነው አዲስ ችሎታ የሚሰጡትን ትንንሽ ፕሮግራሞች ያስቀድማል፤ ማስታወቂያ የሚያግድልኝ፣ የይለፍ ቃሌን የሚይዝልኝ ከሌለ ፍጥነቱ ብቻውን ምን ይረባኛል ይላል። ለረጅም ጊዜ ሁለቱ አብረው የማይሄዱ ነገሮች ነበሩ፤ አንዱን የፈለገ ከሌላው መቀነስ ነበረበት። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል ብዬ አምናለሁ። ብሮውዘሮቹ በፍጥነት እጅግ ተቀራርበዋል። ገጽን የሚያዘገየው በአመዛኙ ገጹ ውስጥ የታጨቀው ነገር ነው፤ እሱን ማስቀረት የሚችለው ደግሞ ኤክስቴንሽኑ ነው። የፍጥነት ጥያቄው ራሱ የኤክስቴንሽን ጥያቄ ሆኗል። ይህ እንዴት እንደመጣ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውን ብሮውዘር ቲም በርነርስ ሊ በ1990 ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል ጻፈ። ሞዛይክ በ1993፣ ኔትስኬፕ በ1994፣ የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ1995 ተከተሉት። ኤክስፕሎረር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአሥር ተጠቃሚ ዘጠኙን ያዘ፤ ተወዳዳሪ ሲጠፋም እድገቱ ቆመ። ስድስተኛው እትም በ2001 ወጥቶ ሰባተኛው የመጣው በ2006 ነው።

ከዚያ ዘመን ትልቁን ትምህርት የሰጠችን ደቡብ ኮሪያ ትመስለኛለች። በ1990ዎቹ አሜሪካ ጠንካራ የምስጠራ ቴክኖሎጂ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ትገድብ ስለነበር ኮሪያውያን ሲድ የሚባል የራሳቸውን የምስጠራ ዘዴ ሠሩ። ብሮውዘሮቹ ግን ሲድን አያውቁትም። መፍትሔው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ብቻ የሚሠራ፣ አክቲቭኤክስ የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ሆነ። ባንኩም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም፣ የኢንተርኔት ሱቁም ይህንኑ ጠየቀ። በዓለም ፈጣን ኢንተርኔት ካላቸው አገሮች አንዷ የሆነችው አገር ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ከአንድ ያረጀ ብሮውዘር መላቀቅ አቃታት። በዚያ አሠራር ላይ የቆመውን፣ የሰው ማንነት የሚረጋገጥበትን የዲጂታል የምስክር ወረቀት ልዩ መብት ያነሣው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በዲሴምበር 2020 ነው። እስከዚያው ሕዝቡ ማንኛውም ገጽ «ይህን ጫን» ሲለው ሳያነብ እሺ ማለትን ለምዶ ነበር። ተጨማሪ ፕሮግራም ብሮውዘርን ያበለጽገዋል፤ ሲከፋ ደግሞ አገርን ያህል ነገር ከአንድ ብሮውዘር ጋር አስሮ ያስቀራል።

ፋየርፎክስ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ኔትስኬፕ ሲሸነፍ በ1998 የፕሮግራሙን ኮድ ለሕዝብ ከፈተ፤ ከዚያ የተወለደው የሞዚላ ፕሮጀክት ኖቬምበር 9 ቀን 2004 ፋየርፎክስ 1.0ን አወጣ። ቀለል ያለ ነበር፤ ታብ ነበረው፤ ሳይጠሩት ብቅ የሚሉ መስኮቶችን ያግድ ነበር። ሰውን ይበልጥ የማረከው ግን ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሁሉ ሊጨምርበት መቻሉ ነው። በ2005 ጆርጂዮ ማዎኔ የተባለ ጣሊያናዊ ኖስክሪፕትን ሠራ፤ ተጠቃሚው ካልፈቀደ በቀር የትኛውም ገጽ ኮድ እንዳያስኬድ የሚከለክል ነው። በ2006 ጆ ሂዊት ፋየርበግን አወጣ፤ ዛሬ በየብሮውዘሩ ውስጥ ተሠርተው የሚመጡት የድረ ገጽ ሠሪዎች መመርመሪያ መሣሪያዎች በእሱ ፈለግ የሄዱ ናቸው። በዚያው ዓመት ቭላዲሚር ፓላንት አድብሎክ ፕላስን አቀረበ።

የድሮው የፋየርፎክስ አድኦን ኃይል ገደብ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ብሮውዘሩ የተሠራበትን የውስጥ ክፍል ሁሉ መንካት ይችል ነበር፤ የቁልፎቹን ቦታ፣ የታቦቹን አሠራር፣ የፋይል አወራረዱን። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ከባድ ነበር። ሁሉም በአንድ ፕሮሰስ (ራሱን ችሎ በሚሄድ የፕሮግራም ሥራ) ውስጥ ስለሚሠሩ አንድ በደንብ ያልተጻፈ አድኦን መላውን ብሮውዘር ያንገዳግደዋል። ሞዚላ ብሮውዘሩን ባሻሻለ ቁጥር የአድኦኖቹ መሠረት ይናጋል፤ በ2011 በየስድስት ሳምንቱ አዲስ እትም ማውጣት ሲጀምር ደግሞ ችግሩ ባሰ። ፋየርፎክስ ራም ይበላል የሚለው ስም የወጣው ያኔ ነው። ሞዚላ በዚያው ዓመት ሜምሽሪንክ በሚል ስም ጉዳዩን መርምሮ የሚያርም ቡድን አቋቋመ፤ የራም ብክነቱ ትልቁ ክፍል የሚመጣውም ከአድኦኖች ሆኖ ተገኘ። ታቡ ከተዘጋ በኋላ አድኦኑ የገጹን ቅሪት ይዞ ስለሚቆይ ራሙ አይለቀቅም ነበር። በኦገስት 2012 የወጣው ፋየርፎክስ 15 አብዛኛውን ይህን ብክነት ከብሮውዘሩ በኩል ዘጋው። በመሐሉ ግን ብዙ ሰው ወደ ክሮም ሄዷል።

የጉግል ክሮም ሴፕቴምበር 2 ቀን 2008 ሲወጣ ፍጥነትን መታወቂያው አድርጎ መጣ። ዋናው ኃይሉ የገጾችን ኮድ የሚያስኬደው፣ ቪ8 የሚባለው የጃቫስክሪፕት ሞተር ነበር፤ በዴንማርካዊው ላርስ ባክ መሪነት ኦርሁስ ከተማ ውስጥ የተሠራ። እስከዚያ ድረስ ብሮውዘሮች የገጹን ኮድ በአብዛኛው እየተረጎሙ ነበር የሚያስኬዱት፤ ቪ8 ግን ኮዱን ወዲያውኑ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ወደሚረዳው የማሽን ቋንቋ ይቀይረዋል። ሁለተኛው ትልቅ እርምጃው ታቦችን በተለያዩ ፕሮሰሶች መለየቱ ነው፤ አንዱ ታብ ቢወድቅ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ለዚህ የሚከፈለው ራም ነው። በ2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ከሆነ በኋላ ጉግል እያንዳንዱን ድረ ገጽ በየራሱ ፕሮሰስ መለየት ጀመረ፤ ይህም የራም ፍጆታውን ከ10 እስከ 13 በመቶ እንደጨመረው ኩባንያው ራሱ አስታውቋል። ስለ ክሮም የራም ፍጆታ ሲማረር የሚሰማ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ከሚበላው ራም ከፊሉ ለደኅንነቱ የተከፈለ ነው። ኤክስቴንሽን በክሮም ላይ የተፈቀደው ቆይቶ፣ በ2010 መጀመሪያ ነው፤ ያም ብሮውዘሩ በወሰነለት ልክ ብቻ የሚሠራ እንጂ እንደ ፋየርፎክሱ የፈለገውን የሚነካ አልነበረም።

ፋየርፎክስ በመጨረሻ ያንኑ መንገድ ተከተለ። ኖቬምበር 14 ቀን 2017 የወጣው ኳንተም የተባለው 57ኛ እትም የድሮዎቹን አድኦኖች በሙሉ ከጥቅም ውጭ አድርጎ ከክሮም ጋር በሚቀራረብ ሥርዓት ተካቸው። የገጽን ቅርጽና ቀለም የሚያሰላው ክፍል ረስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደገና ተጽፎ ሥራውን በፕሮሰሰሩ ኮሮች ሁሉ ላይ ማከፋፈል ጀመረ። ለዓመታት የተደከመባቸው አድኦኖች ግን በዚያ ቀን ሞቱ፤ ፋይል ማውረጃው ዳውንዘምኦል ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ ድሮ ከሚችለው ብዙው ተቀንሶበት ነው። ውሳኔው ብዙ ታማኝ ተጠቃሚዎችን አስከፍቷል፤ ቢሆንም ትክክል ነበር እላለሁ። ባይደረግ ኖሮ ዛሬ ከክሮም ጋር የሚወዳደር ፋየርፎክስ ባልኖረ ነበር።

አሁን ያለው መልክ ይህ ነው። የብሮውዘር ስም ብዙ ነው፤ ገጹን የሚከፍተው ሞተር ግን ሦስት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ክሮም፣ ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ ያለው የማይክሮሶፍት ኤጅ፣ ከ2013 ወዲህ ያለው ኦፔራ፣ ብሬቭ፣ ቪቫልዲ፣ የሳምሰንግ ስልኮች ብሮውዘር፤ እነዚህ ሁሉ ክሮሚየም በሚባለው በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። አፕል ዌብኪት አለው፤ ፋየርፎክስ ጌኮ አለው። ስለዚህ «ኤጅ ይፈጥናል ወይስ ክሮም?» ብሎ መከራከር አንድ ሞተር የተገጠመላቸውን ሁለት መኪኖች በቀለማቸው እንደ ማወዳደር ነው። ልዩነታቸው ያለው በላያቸው በተጨመረው ነገር ነው፤ ኤጅ ሥራ የፈቱ ታቦችን ያስተኛል፣ ብሬቭ ማስታወቂያ ማገጃ ተሠርቶለት ይመጣል፣ ቪቫልዲ ታቦችን በብዙ መንገድ ማደራጀት ለሚወድ ሰው የተመቸ ነው።

በሦስቱ ሞተሮች መካከል ያለውን የፍጥነት ልዩነት የሚለኩ ፈተናዎችም አሉ፤ ብዙ ሰው የሚጠቅሳቸውም እነሱን ነው። ታሪካቸውን ያየ ሰው ግን ቁጥሩን በጥንቃቄ ይይዘዋል። የዌብኪት ሰዎች በ2007 ያወጡት ሰንስፓይደር ለዓመታት የፉክክሩ ሜዳ ነበር። በ2010 ከሞዚላ መሐንዲሶች አንዱ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 የሙከራ እትም ከፈተናው ክፍሎች በአንዱ ላይ ከሚጠበቀው በላይ እንደሚፈጥን አስተዋለ፤ በኮዱ ላይ ውጤቱን የማይቀይር አንድ ትንሽ ነገር ሲጨምር ግን ያ ፍጥነት ጠፋ። ማይክሮሶፍት ብሮውዘሩ ጥቅም የሌለውን ኮድ ለይቶ ስለሚዘል ነው ሲል አስረዳ። ጉግልም ኦክቴን የተባለ የራሱን ፈተና በ2017 ጡረታ ሲያወጣው ምክንያቱን በግልጽ ተናግሯል፤ ሞተሮቹ ለፈተናው ሲሉ እየተስተካከሉ ለእውነተኛው ድረ ገጽ የማይጠቅም፣ አንዳንዴም የሚጎዳ ሥራ ይሠሩ ነበር። ዛሬ የተሻለው ፈተና ስፒዶሜትር ነው፤ በማርች 2024 የወጣውን ሦስተኛውን እትም አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ አብረው አዘጋጅተውታል፤ ተፎካካሪዎች በአንድ መስፈሪያ መስማማታቸው ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም የሚለካው ዌብ አፕሊኬሽን ለተጠቃሚው ንክኪ የሚሰጠውን ምላሽ እንጂ በደካማ ኔትወርክ ላይ የዜና ገጽ ለመክፈት የሚፈጀውን ጊዜ አይደለም። ሦስቱ ሞተሮች እዚያ ላይ የሚያሳዩት ልዩነት በዕለት ተዕለት ሥራ ለዓይን የሚታይ አይደለም።

ታዲያ ገጹ የሚዘገየው ለምንድን ነው? ኤችቲቲፒ አርካይቭ የተባለው፣ የድረ ገጾችን ክብደት ለዓመታት ሲመዘግብ የቆየ ፕሮጀክት በ2010 መጨረሻ የመካከለኛውን ገጽ ክብደት ከግማሽ ሜጋባይት በታች አድርጎ ነበር የመዘገበው። ዛሬ ከ2 ሜጋባይት በላይ ነው። ያ ማለት በ100 ሜጋባይት ጥቅል ሃምሳ ያህል ገጽ እንኳ አይከፈትም። የጨመረው ጽሑፉ አይደለም፤ ምስሉ፣ ቪዲዮው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከገጹ ባለቤት ውጭ የሆኑ ኩባንያዎች የሚያስገቡት ኮድ ነው። አንድ የዜና ገጽ ሲከፈት ብሮውዘሩ የማስታወቂያ ጨረታ ያካሂዳል፤ አንባቢው ማን እንደሆነ የሚከታተሉ ፕሮግራሞችን ከየአገሩ ይጠራል፤ ለያንዳንዳቸው አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፤ የመጣውን ኮድ ያነባል፣ ያስኬዳል። ፕሮሰሰሩ ደካማ ከሆነ፣ ኔትወርኩም ከራቀ፣ አንባቢው የሚጠብቀው ለማይፈልገው ነገር ነው።

ሞኒካ ቹና ጆርጂዮስ ኮንታክሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2015 ያቀረቡት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ፋየርፎክስ ውስጥ የተሠራውን የክትትል ማገጃ በ200 ታዋቂ የዜና ገጾች ላይ ሞከሩት፤ የገጽ መክፈቻ ጊዜው በመካከለኛ ስሌት በ44 በመቶ ቀነሰ፣ የዳታ ፍጆታው በ39 በመቶ። የትኛውንም ብሮውዘር በሌላ በመቀየር ይህን ያህል ፍጥነት ማግኘት አይቻልም። ለኔ የዚህ ሁሉ ዳሰሳ መሠረት ይህ ነው።

ይህ ሲባል ማገጃ ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። በሜይ 2014 በሜምሽሪንክ የሠራው የሞዚላ መሐንዲስ ኒኮላስ ኔዘርኮት አድብሎክ ፕላስ በራም ላይ የሚያደርሰውን ጫና ለክቶ አሳተመ። አድኦኑ በገጹ ውስጥ በተሰኩት ንዑስ ገጾች ላይ ሁሉ አንድ ትልቅ የቅርጽ ፋይል ያስገባ ነበር፤ ከ400 በላይ ንዑስ ገጾች ባሉት አንድ ገጽ ላይ ፋየርፎክስ ያለ አድኦኑ 370 ሜጋባይት ገደማ፣ ከአድኦኑ ጋር ደግሞ ወደ 2 ጊጋባይት የተጠጋ ራም ወሰደ። በቀጣዩ ወር ሬይመንድ ሂል የተባለ ፕሮግራም ጸሐፊ ዩብሎክን አወጣ፤ በኋላ ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ነው። ገና ሲጀመር ራምና ፕሮሰሰርን ለመቆጠብ ታስቦ የተጻፈ ሲሆን ሂል እስከ ዛሬ ልገሳ እንኳ አይቀበልም። ሁለት አድኦኖች በሥራ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ማሽኑን ሊያዘገይ፣ ሌላው ሊያፈጥን ይችላል።

ወደ ዘመናችን ትልቁ ክርክር የደረስነው በዚህ ነው። ጉግል በ2018 መጨረሻ ማኒፌስት ቪ3 የተባለ አዲስ የኤክስቴንሽን ሕግ አስተዋወቀ። በቀድሞው ሕግ ኤክስቴንሽኑ ብሮውዘሩ የሚልከውን እያንዳንዱን ጥያቄ አስቁሞ ይመረምርና ይለፍ ወይም ይታገድ ብሎ ይወስን ነበር። በአዲሱ ኤክስቴንሽኑ የደንብ ዝርዝር አስቀድሞ ያስረክባል፤ ውሳኔውን የሚሰጠው ብሮውዘሩ ነው። ጉግል ያቀረባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ደኅንነትና ፍጥነት። የደኅንነቱ ምክንያት እውነት አለው፤ የሰውን የኢንተርኔት ጉዞ ሁሉ ማየት የሚችል ኤክስቴንሽን ለክፉ ሥራ ሊውል ይችላል። የፍጥነቱ ግን አላሳመነኝም። ጎስተሪ የተባለውን ማገጃ የሚሠሩ ሰዎች በ2019 ታዋቂዎቹን ማገጃዎች ለክተው ነበር፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም በአንድ ጥያቄ ላይ ለመወሰን የሚፈጅባቸው መካከለኛ ጊዜ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ነው። ለኪዎቹ በጉዳዩ ጥቅም ያላቸው መሆናቸውን እየያዝኩም ቢሆን፣ የታገደው ማስታወቂያ ከሚፈጀው ጊዜ ጋር ሲተያይ ይህ ኢምንት ነው። ጉግል ከተቃውሞው በኋላ የደንቦቹን ጣሪያ ከመጀመሪያው 30,000 ከፍ አደረገ፤ ዋናውን ነገር ግን አልለወጠም። ከጁን 2024 ጀምሮ የድሮዎቹን ኤክስቴንሽኖች ደረጃ በደረጃ ማጥፋት ጀመረ፤ በ2025 ዩብሎክ ኦሪጅን በክሮም ላይ መሥራት አቆመ። የቀረው ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት የተባለው ቀለል ያለ እትም ነው። ብዙ ማስታወቂያ ያግዳል፤ ተጠቃሚው በየገጹ የሚያዝበትን ጥልቅ ቁጥጥር ግን አይሰጥም። ፋየርፎክስ አዲሱን ሕግ ተቀብሎም የድሮውን የማገድ ሥልጣን አልነሣም፤ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን እዚያ ይሠራል።

ጉግል አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። ከዓለም ተጠቃሚ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን የያዘው ብሮውዘርም የእሱ ነው። ክፋትን ሳልገምት እንኳ፣ ማስታወቂያ ሻጩ የማስታወቂያ ማገጃውን ደንብ የሚጽፍበት አሠራር ለተጠቃሚው የሚስማማ አይመስለኝም። ፋየርፎክስም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ የሞዚላ ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው ጉግል ነባሪ የፍለጋ ሞተር ሆኖ ለመቀመጥ ከሚከፍለው ገንዘብ ነው። አሜሪካዊው ዳኛ አሚት ሜህታ በኦገስት 2024 ጉግል በፍለጋ ገበያ ሕገ ወጥ ሞኖፖሊ መሆኑን ወሰኑ፤ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ክሮም ይሸጥ የሚለውን የመንግሥት ጥያቄ አልተቀበሉም፤ እንዲህ ያለውን ክፍያም ጨርሶ አልከለከሉም። ስለዚህ የሞዚላ የገቢ ምንጭ ለጊዜው ቀጥሏል።

በኤክስቴንሽን ላይ እምነት ስለመጣል ደግሞ ጠበቅ አድርጌ መናገር እወዳለሁ፤ ፍጥነት ፈልገው የተጎዱ ሰዎች አሉና። ግሬት ሰስፔንደር የተባለው የክሮም ኤክስቴንሽን ሥራ የፈቱ ታቦችን እያስተኛ ራም ይቆጥብ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ2020 ጸሐፊው ማንነቱ ላልታወቀ ገዢ አሳልፎ ሸጠው፤ በፌብሩዋሪ 2021 ጉግል ጎጂ ኮድ ይዟል ብሎ አገደው። ተጠቃሚው ምንም አላደረገም፤ ያመነው ፕሮግራም ባለቤት ብቻ ተለወጠ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ሳይበርሄቨን የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ኤክስቴንሽን በሌቦች እጅ ገባ። አንድ ሠራተኛ በሐሰተኛ ኢሜይል ተታልሎ ፈቃድ ሰጠ፤ ሌቦቹም የተበከለ እትም አሰራጩ፤ ወደ 400,000 የሚጠጉ ተጠቃሚዎች ነበሩት። ኤክስቴንሽኖች በራሳቸው ስለሚታደሱ አዲሱ እትም ማንንም ሳይጠይቅ ይገባል። የፋየርፎክስ ተጠቃሚዎችም በሜይ 2019 ሌላ ዓይነት ትምህርት አግኝተዋል፤ ሞዚላ አድኦኖችን የሚያረጋግጥበት የዲጂታል ፊርማ ጊዜው አልፎ በዓለም ዙሪያ አድኦኖች በአንድ ሌሊት ሥራ አቆሙ።

በአማርኛ ለመጻፍ ብለው ኤክስቴንሽን የሚጭኑ ብዙዎች ናቸው። የጉግል ኢንፑት ቱልስ ለዓመታት በላቲን ፊደል የተተየበውን ወደ ግዕዝ ፊደል ሲቀይር ቆይቷል፤ ጸሐፊያቸው የማይታወቅ ተመሳሳዮችም ሞልተዋል። ይህን ሥራ የሚሠራ ኤክስቴንሽን በጠባዩ የሚተየበውን ሁሉ ማየት አለበት፤ የባንክ ገጽም ይሁን የግል ደብዳቤ። ዊንዶውስ ግን የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ጉግል ለስልክ የሠራው ጂቦርድም አማርኛ ይጽፋል። እነዚህ እያሉ ይህን ሥልጣን ለማይታወቅ ኤክስቴንሽን መስጠት አያስፈልግም።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔትን የሚያውቀው በስልክ ነው፤ በስልክ ላይ ደግሞ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። ስማርት ስልክ ከመስፋፋቱ በፊት በኖኪያና በመሰሎቹ የጃቫ ስልኮች ላይ ዋናው ብሮውዘር ኦፔራ ሚኒ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ለዓለም የቀረበው ይህ ብሮውዘር ገጹን በስልኩ ላይ አይከፍተውም፤ የኦፔራ ሰርቨር ይከፍተውና ጨምቆ ይልከዋል። ኩባንያው እስከ 90 በመቶ ዳታ ይቆጥባል ይል ነበር። ዳታ በሜጋባይት ተቆጥሮ ለሚገዛ ሰው ይህ ከማንኛውም የጃቫስክሪፕት ሞተር ይበልጣል። ግን ገጹ በሰርቨሩ ላይ ስለሚከፈት ያ ሰርቨር የሚያልፍበትን ሁሉ ማየት ይችላል፤ ከፍተኛው የቁጠባ ስልት በርቶ ሳለ የባንክ ወይም የኢሜይል ገጽ መክፈት አይገባም። ክሮምም ለአንድሮይድ ያቀረበውን ተመሳሳይ የዳታ ቁጠባ በማርች 2022 አቋርጧል። ዩሲ ብሮውዘር የተባለውን ሌላ የስልክ ብሮውዘር በተመለከተ በ2015 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ ያወጣውን ምርመራ ማስታወስ ይበቃል፤ የተጠቃሚውን የፍለጋ ቃልና የስልኩን መለያ ያለ በቂ ምስጠራ ሲልክ ተገኝቷል።

በአንድሮይድ ላይ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ፋየርፎክስ ግን ይቀበላል፤ በ2020 እንደገና ሲሠራ የአድኦኖቹ ቁጥር ጥቂት ቢሆንም በዲሴምበር 2023 ለሁሉም ከፍቶት በአንድ ጊዜ ከ400 በላይ አዳዲስ አድኦኖች ገቡ፤ ዩብሎክ ኦሪጅን ቀድሞም ነበረ። ብዙ ሰው የማያውቀው የስልክ ምርጫ ይህ ነው፤ ዳታ ለሚቆጥብ ሰውም ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። በአይፎን ነገሩ ጠባብ ነው። በአብዛኛው ዓለም አፕል የራሱን ዌብኪት ብቻ ስለሚፈቅድ ክሮምም ፋየርፎክስም በአይፎን ላይ በውስጣቸው የአፕሉ ብሮውዘር ሳፋሪ ናቸው። ከ2021 ወዲህ ግን ሳፋሪ በአይፎን ላይ ኤክስቴንሽን ይቀበላል፤ የአይፎን ባለቤት ሳፋሪ ላይ ማገጃ ጭኖ መቀመጥ ይሻለዋል።

እንግዲህ የኔ ፍርድ የሚከተለው ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ፋየርፎክስን ከዩብሎክ ኦሪጅን ጋር ይጫንና ሌላ ምንም አይጨምር። ኤክስቴንሽን ብዛቱ ይጎዳል፤ እያንዳንዱ በየገጹ ላይ የራሱን ኮድ ያስገባል፣ ራም ይወስዳል። በሥራው ምክንያት ክሮሚየምን መተው የማይችል ሰው፣ ለምሳሌ መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበት ሥርዓት በክሮሚየም ብቻ የተሞከረ ከሆነ፣ ብሬቭን ይምረጥ፤ ማገጃው በብሮውዘሩ ውስጥ ስለተሠራ የኤክስቴንሽን ሕጉ ሲለወጥ አይነካውም። ክሮም ላይ የሚቆይ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይትን ይጫን፤ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አብሮ ሲጫን በሚመጣው ሰንጠረዥ ደግሞ የትኛው ታብና የትኛው ኤክስቴንሽን ራም እንደወሰደ ይይ። ከአንድ ዓመት በፊት ተጭኖ የተረሳ ኤክስቴንሽን እዚያ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

የሚቀረኝ አንድ ጉዳይ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ማስታወቂያ ማገድ የጸሐፊውን እንጀራ መንካት ነው። በአማርኛ የሚሠሩ ትንንሽ የዜናና የባህል ገጾች ከዚያ የሚያገኙት ገቢ ጥቂት ቢሆንም ለእነሱ ጥቂት አይደለም። ማገጃ ስጭን ሁሉንም ማስታወቂያ ጠልቼ አይደለም፤ አንባቢን የሚከታተለውንና ዳታውን የሚጨርሰውን አልፈልግም። ለዚህ ዩብሎክ ኦሪጅን ቀላል መንገድ አለው፤ የሚወዱት ገጽ ላይ ሆነው የአድኦኑን ምልክት፣ ከዚያም ትልቁን የማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ ሲጫኑ ማገጃው ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ ይጠፋል። ገጹ ሲታደስ ማስታወቂያው ይመለሳል፤ ምርጫውም ተጠቃሚው ራሱ እስኪለውጠው ድረስ ለዚያ ድረ ገጽ እንደተመዘገበ ይቆያል።